ከአርባ ሰባት ተኩሉ የእኔው ስንት ነው

…እና ሰማንያ ሰባት ተኩል ብል ውሸት አይሆንም፣ አምጥቻለሁ፣ በራሴ ጣት፣ መምህር ኡግባ ከጀርባዬ ቆሞ ስክሪኑን አይቶ አጨብጭቦልኛል፣ ከአርባ የሒሳብ ጥያቄ ሠላሳ አምስቱን፣ አንዱ ጥያቄ ሁለት ተኩል ይይዛል፣ ማባዛት ነው፣ ማባዛት ደግሞ አያዳላም፣ ታዲያ ምን ሆኜ ነው እንደ ሌባ የሚያልበኝ፣ ሙቀቱ ነው፣ ከተማችን ማኩርዲ ዝናቡ ሊመጣ ሲል ሰውን ቁጭ ባለበት ትቀቅላለች፣ አይ፣ ሙቀቱ አይደለም። ሌላ ነጥብ አለኝ። አርባ ሰባት ተኩል። እሱንም ያመጣሁት እኔው ነኝ፣ በዚሁ ጣት፣ ባለፈው ቅዳሜ፣ እዚህ ዳስ ውስጥ ካሉት ግን ማንም አያውቅም፣ አባቴም አያውቅም።

አባቴ ከጀርባዬ ነው የተቀመጠው፣ ትንፋሹ ይሰማኛል፣ የእኩዮቹ ማኅበር ደንብ ነው፣ አባት ስለገዛ ልጁ አይናገርም፣ ልጁን የማያወድስ አባት ስለሌለ ከኋላ ይቀመጥና አፉን ይያዝ ነው ነገሩ። አፉን ይያዝ፣ አባቴ፣ ወይ ጉድ። ሰማንያ ሰባት ተኩሌን ለገበያው በሙሉ ያዳረሰ ሰው፣ ለጨው ሻጯ፣ ለጎማ ለጣፊው፣ ሞተሩ ላይ ለሚጭነው ለማያውቀው ተሳፋሪ ሳይቀር፣ ደግሞ ሰማንያ ሰባት ብሎ አይቆምም፣ ተኩሏን አይተዋትም፣ የሚዋሽ ሰው ተኩል አይጨምርም፣ ይላል፣ ተኩሏ ናት የምታሳምነው።

ፊት ለፊቴ እኩዮቹ ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል፣ በአንድ ዘመን የተወለዱ ወንዶች፣ የአንዱ ቤት ሲቃጠል ሌሎቹ የጣሪያ ሣር ተሸክመው የሚደርሱ፣ አንዱ በሐሰት ሲከሰስ ሌሎቹ ግር ብለው ደጁ ላይ የሚቆሙ። ዘንድሮ ከልጆቻቸው አንዱን ዩኒቨርሲቲ ለማስገባት ተስማምተዋል፣ አንድ ልጅ፣ እያንዳንዳቸው በየማሳቸው አንድ መደብ ቦዬ በዚያ ልጅ ስም ይተክላሉ፣ ምርቱ ይሸጥና የልጁን ትምህርት ይችላል። ቦዬ ደግሞ የመንግሥት ፈተና አይጠብቅም። የመግቢያ ፈተናው ከፋሲካ በኋላ ነው፣ ውጤቱ እስኪመጣ ዘሩ አፈር ገብቶ አረም ይታረምለታል፣ እናም የሚፈርዱት በልምምድ ነጥብ ነው፣ ዛሬ፣ ይህ የማሽላ ጠላ ሳያልቅ፣ ሌላ ምን ይዘው ይፍረዱ፣ አልፈርድባቸውም። ልጆቹ ሁለት ቀርተናል፣ እኔና ቴርንጉ። ከመካከላችን አንዱ ወደ ዩኒቨርሲቲ፣ ሌላው እንጃ። እኔ የውኃ ምህንድስና ነው የምፈልገው፣ ወንዙ በየክረምቱ ቤታችን እየገባ አልጋችንን ሲያነሳው እያየሁ ያደግሁ ሰው ሌላ ምን ልፈልግ፣ ይህን ግን ዛሬ የሚጠይቀኝ የለም፣ የሚጠይቁኝ ቁጥር ነው።

ሰማንያ ሰባት ተኩል በይ። በቃ በይ። ማን ያጣራል።

እኔ አጣርቻለሁ እኮ፣ ችግሩ እሱ ነው። መምህር ኡግባ ክፉ ሰው አይደለም፣ በየማለዳው የልምምድ ማዕከሉን ጀነሬተር ራሱ ነው የሚያስነሳው፣ ግን ኮምፒውተሮቹ ውስጥ ያሉት ጥያቄዎች የድሮ ፈተናዎች ናቸው፣ እየዞሩ ይመጣሉ፣ እኛም እየዞርን እንሠራቸዋለን፣ ቀስ በቀስ ተላመድን፣ እኔና ጥያቄዎቹ፣ የሰፈር ሰው ሆንን። ሁለት ዓይነት ሩዝ የምትቀላቅለው ነጋዴ ገና ጆንያዋን ሳትፈታ ሐ ብዬ እነካለሁ። ግድግዳ የተደገፈው መሰላል፣ ለ። የተማሪዎቹ አማካይ ዕድሜ ላይ የሚደመረው አስተማሪ፣ መ፣ ምስኪን፣ ስንት ዓመቱ እንደሆነ አስቤለት አላውቅም። ነጥቤ ከሃምሳ ወደ ስድሳ፣ ከስድሳ ወደ ሰባ ስምንት ሲወጣ እያደግሁ መሰለኝ፣ እያደገ የነበረው ትውውቃችን ነው። ደስታዬ ግን የእውነት ነበር፣ እሱን አልክድም፣ መንገድ ላይ ብቻዬን እስቅ ነበር፣ እንደ ፋራ።

ከዚያ ንጉቫን መጣች፣ የአክስቴ ልጅ፣ ግቦኮ ከተማ ለመምህርነት የምትማረው፣ ከክፍል ጓደኞቿ ጋር አዲስ ጥያቄ አውጥተናል፣ ከማንም ያልተገለበጠ፣ ነይና ሞክሪው አለችኝ፣ እኔም ልጎርርባት ሄድኩ፣ እውነቱን ለመናገር ለሱ ነው የሄድኩት። ወረቀቱን ገለጥኩ። አንድም የማውቀው ፊት የለም። ሩዝ የለ፣ መሰላል የለ። እጄ ሐ ላይ ሄዶ ቆመ፣ ለምን ሐ፣ እንጃ፣ እጄ ለምዶበት ነው፣ ሰዓቱ ሲያልቅ ንጉቫን ቆጠረችና ካሺ፣ ከአርባው አሥራ ዘጠኝ ብቻ ነው ያገኘሽው፣ አርባ ሰባት ተኩል አለችኝ። ጥያቄዎቻችሁ ናቸው የተሳሳቱት አልኳት። አንድ አሳዪኝ አለች። አንድም አላሳየኋት።

ሁሉም ተረጎመልኝ ከዚያ በኋላ። እናቴ፣ ሰው በክፉ ዓይን አይቶሽ ነው፣ ነጥብሽን ገበያ ያወጣው አባትሽ ነው፣ ለሱ ደግሞ እንዳትነግሪው። መምህር ኡግባ፣ መጥፎ ቀን ነው ካሺማና፣ መንገዱ አድክሞሽ ነው፣ ሰማንያ ሰባቷን ያዢ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፣ እኔም ለሁለት ቀን ያዝኳት፣ አጥብቄ፣ በሦስተኛው ቀን ግን የግቦኮውን ወረቀት ዘርግቼ ከራሴ ጋር ተጣላሁ፣ ይህንን አውቀሽ ነው ወይስ ገምተሽ፣ ይህንንስ፣ ይህንንስ፣ እያንዳንዷን፣ አልቅሼ ጨረስኩ፣ ግን ጨረስኩ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፌ ጥሩ ነው። የሚገርመው እሱ ነው።

ቴርንጉ ተነስቷል። ባባ አዩዋ፣ የማኅበሩ ሰብሳቢ፣ ልጄ ስንት አመጣህ ይለዋል፣ ቴርንጉ አንገቱን ቀና አድርጎ ዘጠና ሁለት ተኩል ባባ፣ ዳሱ ይሞላል፣ እጃቸው፣ ሳቃቸው፣ አንዱ ሰውዬ ልጁማ ኮምፒውተሩን ራሱ ፈተነው ይላል፣ አባቱ ከኋላ ጥርሱን መሸሸግ አቅቶታል። ዘጠና ሁለት ተኩል። ሠላሳ ሰባት ጥያቄ። እኔና ቴርንጉ አንድ ማዕከል ነን፣ ወንበራችን ጎን ለጎን ነው፣ ሩዟ ስትመጣ የሱ ጣት ከእኔ ይቀድማል፣ አንድ ቀን ጥያቄው ግማሹ ሳይወጣ ነክቶ ተሳስቀናል፣ እንዴት አወቅህ ስለው ነጋዴዋ ዘመዴ ናት አለኝ። ያውቃል። አያውቅም ይሆን። አውቆ ነው እንዲህ ቀጥ ያለው፣ ወይስ እንደኔ፣ ከግቦኮ በፊት እንደነበርኩት።

እና አሁን አርባ ሰባት ተኩል ብል ራሴን ጣልኩ፣ ለምን እንደሆነ ባስረዳ ደግሞ እሱንም ጣልኩ፣ ምቀኛ፣ ተሸንፋ ልታሸንፍ ፈለገች ይሉኛል፣ እውነታቸውን ነው፣ ከሆዴ አንድ ጥግ ላይ እንደዚያ የምትፈልግ ካሺማና አለች፣ አፍንጫው ሲመታ ማየት የምትፈልግ፣ አልናገርላትም። የእኔን ብቻ። የእኔን ብቻ እናገራለሁ።

ካሺማና፣ ይላል ባባ አዩዋ። ተነሽ ልጄ።

እነሳለሁ።

ስንት አመጣሽ።

አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል፣ ይታይ፣ አርባ ሰባት ተኩል ባባ፣ እላለሁ፣ ድምፄ ከማንም ይልቅ ለእኔ እንግዳ ነው፣ ከኋላዬ የአባቴ ትንፋሽ ይቆማል።

ይስቃሉ መጀመሪያ። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት፣ ልጅቷ ደንግጣ ቁጥሩን ገለበጠችው እኮ፣ ሰማንያ ሰባት ማለቷ ነው፣ ሰማንያ ሰባት፣ አባቷ እስኪሰለቸን ነግሮናል። አልደነገጥኩም ባባ፣ እሷንም አምጥቻለሁ፣ ግን እሷ በማውቃቸው ጥያቄዎች ነው፣ ደጋግሜ በሠራኋቸው፣ አርባ ሰባት ተኩሉ በማላውቃቸው ነው፣ የፋሲካው ፈተና ደግሞ የሚመጣው በማላውቃቸው ነው። ሳቁ ይቆማል። ባባ አዩዋ የጠላውን ቅል መሬት ያስቀምጣል፣ ልጄ፣ አርባ ሰባት ተኩል ማለት ታዲያ ምን ማለት ነው፣ ብዙ ነው፣ ትንሽ ነው፣ እኛ የት እናውቃለን።

ጥያቄው ጥሩ ነው። ማንም እንዲህ አልጠየቀኝም።

ባባ፣ እያንዳንዱ ጥያቄ አራት መልስ ተደርድሮለታል፣ ዓይኑን ጨፍኖ የሚነካ ሰውም ከአራቱ አንዴ ይመታል። እኔ እስከ መጨረሻው ሠርቼ ያገኘኋቸው አሥራ ሁለት ናቸው፣ አንድ በአንድ አይቻቸዋለሁ። ሃያ ስምንቱን ገመትኩ። የሃያ ስምንት ሩብ ሰባት ነው፣ ያገኘሁትም ልክ ሰባት ነው፣ ዕድል ድርሻዋን ሰጠችኝ፣ አልጨመረችም አልቀነሰችም፣ ያየኝ ሰው የለም፣ የጠላኝም የለም። ስለዚህ ከአርባ ሰባት ተኩሉ የእኔ የምለው ሠላሳው ነው።

ሠላሳ፣ ይላል አንዱ ከዳር፣ እየወረደች ሄደች እኮ፣ ዝም ካላስባልናት ባዶ እጃችንን ልታስቀረን ነው። ይስቃሉ፣ እኔም ልስቅ ምንም አልቀረኝ፣ ልክ ነው፣ ገበያ ላይ ዋጋውን ራሱ የሚያወርድ ሻጭ አይተው አያውቁም። ግን ገና አልጨረስኩም፣ ቆይ፣ ጨርሺ። ከገመትኳቸው ውስጥ አሥሩን እስከ ግማሽ ሄጄባቸው ነው የቆምኩት፣ እነሱን ከፋሲካ በፊት እጨርሳቸዋለሁ፣ ከሌሎቹ ትምህርቶች ጋር ስድሳ ይበቃኛል፣ ስድሳ እደርሳለሁ ባባ፣ ዘጠና አልደርስም፣ ዘጠና ብዬ አላታልላችሁም።

አንዱ በጣቱ ይቆጥራል።

ከዚያ የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ፣ አይ ይህ ሰው፣ እንደዚህ ከሆነ የቴርንጉስ፣ ዘጠና ሁለቱ፣ ከሱ ውስጥ ስንቱ የዕድል ነው ይለኛል፣ ሁሉም ዞረው ቴርንጉን ያዩታል፣ ቴርንጉ እኔን። ፊቱ። ያውቃል። አሁን አየሁት፣ ያውቃል፣ ከእኔ በፊት ያውቅ ነበር። አንዲት ቃል፣ ሩዝ ብል ይበቃል፣ ተነስ የሩዟን ሥራልን በሉት ብል፣ የዚያች የጥጓ ካሺማና ምላስ ጥርሴ ላይ ደርሷል።

እሱን እሱ ያውቃል ባባ። እኔ የቆጠርኩት የእኔን ነው።

ቴርንጉ መሬት መሬት ያያል። ይናገር ብዬ እጠብቃለሁ፣ አንዲት ነገር፣ አይናገርም።

ይንሾካሾካሉ፣ ይጠጣሉ፣ አንዱ ያስነጥሳል፣ እኔ ቆሜ ነው፣ ቁጭ በይ ያለኝ የለም፣ በመጨረሻ ባባ አዩዋ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ልጄ፣ አንደበትሽን ወደነዋል፣ ነገ ችሎት የሚያቆመን ነገር ቢገጥመን አንቺን ነው የምንልከው፣ ግን እኛ ገበሬ ነን፣ የጎረቤት ማኅበር ምን ይለናል፣ ዘጠና የያዘ ልጅ ፊታቸው ቆሞ ሠላሳ አለኝ ላለች ተከሉ ይለናል፣ አትቀየሚን፣ መደቡ ለቴርንጉ ነው። ያጨበጭባሉ። ቅሉ ይዞራል። አለቀ።

አለቀ በቃ። ተናድጃለሁ፣ አንጀቴ ተቃጥሏል፣ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፣ እያደር ነው ችግሩ፣ ቦዬው ዛሬ ነው የሚተከለው። ሰማንያ ሰባት ተኩል ብልም እኮ አልመረጥም ነበር፣ ከዘጠና ሁለት ያንሳል፣ ይህን ልብ ያልኩት አሁን ነው፣ ሰው አያድርስ፣ ለመዋሸትም አልበቃም ነበር። ተጸጸትሽ ወይ። ቆይ ልየው። አይ። አልተጸጸትኩም። ተናድጃለሁ እንጂ አልተጸጸትኩም፣ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው፣ ፈተናው አሁንም ከፋሲካ በኋላ ነው፣ መቀመጫ ቁጥሬን ማንም አልወሰደብኝም፣ መጀመሪያ ልለፍ፣ ክፍያውን ያኔ እንደ ሰው እጨነቅበታለሁ።

አባቴ አላየኝም። ቀጥ ብሎ ወጥቶ ሞተሩን አስነስቷል፣ ጀርባውን ሰጥቶኛል፣ ዛሬ እስከ ቤት ድረስ አንድ ቃል አይወጣውም፣ ነገ ደግሞ ለጨው ሻጯ ምን ሊላት ነው፣ ምስኪን አባቴ፣ ተኩሏ ብቻ ናት የቀረችለት።

ካሺ። ቆይ።

ቴርንጉ ነው፣ ከዳሱ ጀርባ ዞሮ መጥቷል፣ እንኳን ደስ ያለህ እለዋለሁ፣ ከአንገት በላይ እንደሆነ ይግባው ብዬ ነው የምለው። ተይ እንጂ ይላል። ምን ፈለግህ። አንዷን ንገሪኝ። የምኗን። ከግቦኮው፣ አንድ ጥያቄ ብቻ፣ ማንም ሳያየን። ይለምነኛል፣ ይህ ዘጠና ሁለት ተኩል የሆነ ሰው፣ እዚያ ውስጥ አባቱን እያቀፉለት ነው እኮ። ሂድ ሩዝህን ቀላቅል ልለው እችላለሁ። ይገባዋል። ካሺ፣ እነሱ ሁሉ ሊተክሉልኝ ነው ይላል፣ ሁሉም፣ ገባሽ፣ እኔ ምንም አላውቅም።

ስንጥር አነሳለሁ ከመሬት። የሁለት ቁጥሮች ድምር አሥር ነው፣ ሲባዙ ሃያ ይሆናሉ፣ እያንዳንዱ በራሱ ተባዝቶ ቢደመር ስንት ይመጣል። ምርጫው፣ ይላል። ምርጫ የለም፣ ስንት ይመጣል ነው የምልህ። ይንበረከካል። ስድስትና አራት፣ ሃያ አራት፣ አይሆንም፣ ሰባትና ሦስት፣ ሃያ አንድ፣ ስምንትና ሁለት፣ አሥራ ስድስት፣ ካሺ እንዲህ ዓይነት ቁጥር የለም፣ ጥያቄው ተሳስቷል። እኔም እንዲሁ ነው ያልኩት፣ ልክ እንዲሁ፣ እዚሁ ጋ ነው ቆሜ ሐ ብዬ የገመትኩት። ቁጥሮቹን አትፈልጋቸው፣ እላለሁ፣ ለእሱ ይሁን ለራሴ እንጃ፣ አሥሩን መሬት አድርገው፣ ጎኑ አሥር የሆነ መሬት፣ አራት ማዕዘን እጭራለሁ፣ አንዱን ጎን ለሁለት፣ አንዱ ቁጥር እዚህ፣ አንዱ እዚህ፣ በዚያኛውም ጎን እንዲሁ፣ አራት ቁራሽ ሆነ፣ ትልቁ ካሬ፣ ትንሹ ካሬ፣ እና እነዚህ ሁለት ረጃጅም፣ ከዚህ በኋላ አላውቅም፣ እውነቴን ነው፣ ከዚህ በኋላ ሄጄ አላውቅም።

ሁለቱ ረጃጅሞች እኩል ናቸው ይላል ቴርንጉ።

እኩል ናቸው። እና እያንዳንዳቸው ብዜቱ ናቸው፣ ሃያ፣ ሃያ። መሬቱ በሙሉ መቶ። አርባውን ስታወጣ። ስድሳ፣ እንላለን አብረን፣ ደግመን እንቆጥራለን፣ ስድሳ ነው፣ ቁጥሮቹን ሳናውቃቸው፣ ማንም ሳይነግረን፣ አጠገቡ የተጻፈ ፊደል ሳይኖር። ቴርንጉ በመዳፉ ፊቱን ይጠርጋል፣ አቧራው ጉንጩ ላይ ይቀራል፣ ደስ ብሎኛል፣ ንዴቴ እዚያው ተቀምጦ ደስ ብሎኛል፣ አሁን ግን አባቴ የሞተሩን ጥሩምባ ሊነፋ ነው፣ ጀርባዬ ይጠብቀዋል፣ አይነፋም። ዞር እላለሁ። ሞተሩ ላይ እንደተቀመጠ አንገቱን አስግጎ የጫርነውን መሬት እያየ ነው፣ ምን ያህል ሲያየን እንደቆየ እንጃ። እጁን ወደ ቁልፉ ይልክና ሞተሩን ያጠፋል።

ሌላ አለሽ፣ ይላል ቴርንጉ።

አለኝ፣ እለዋለሁ፣ ገና ሃያ ሰባት አለኝ፣ ተስተካክለህ ተቀመጥ።